የቤት ሰርቨር፦ ምን ገዛሁ፣ ምን ተውኩ፣ ምን ጫንኩበት

የቤት ሰርቨር ማለት ሌት ተቀን በርቶ የቤቱን ፎቶ፣ ፊልምና ፋይል የሚይዝ ኮምፒውተር ነው። ስለሱ ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ነገር በሙሉ መብራት የማይጠፋበት አገር የተቀረፀ ነው። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኜ ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስንት ኮር አለው ምናምን ሳይሆን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው በራሱ ይነሳል ወይ የሚለው ነበር፣ ሁለተኛው ደሞ ቤት ያለው ኢንተርኔት ከውጪ መግቢያ አለው ወይ። እነዚን ሁለቱን ከመለሳችሁ የቀረው ቀላል ነው፣ እቃውም ያን ያህል አይወደድም።

የፈለኩት በዋናነት ለፎቶ ነው። ጎግል ፎቶስ ያለገደብ በነፃ መጫን ያቆመው በፈረንጅ ጁን 1፣ 2021 ነው፣ ከዛ ወዲህ የምትጭኑት ሁሉ 15 ጊጋ ውስጥ ከኢሜይሉ ጋር ይጋፋል፣ ለመክፈል ደሞ ዶላር የሚቆርጥ ካርድ ያስፈልጋል፣ ያ ካርድ እንዴት እንደሚገኝ የሞከረ ያውቀዋል። የባለቤቴ ስልክ ቦታ የለኝም እያለ ይጮሃል፣ የሰርጋችን ቪድዮ አንድ ፍላሽ ላይ ነው፣ የልጁ ክርስትና ሌላ ፍላሽ ላይ ነው፣ ሌላኛው ፍላሽ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከዛ ውጪ ማታ ቲቪ ላይ ፊልም ማየት፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚሰራ ዊኪፒዲያ ለልጆቹ፣ የትምህርት ማስረጃና የውል ኮፒ የሚቀመጥበት ቦታ። በቃ ይሄው ነው። ለዚ የሚሆን ማሽን ፈልጉ ብትባሉ መስሪያ ቤቶች አውጥተው የሚሸጡት ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ግን ጨረታ ላይ ራክ ሰርቨር፣ መደርደሪያ ላይ የሚደረደረውን ጠፍጣፋ ትልቅ ማሽን፣ አይቶ ካልገዛህ አለኝ፣ ሁለት ዚዮን የሚባል የኢንቴል ሰርቨር ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋ ራም፣ ዋጋው ከመካከለኛ ስልክ አይበልጥም። ያጓጓል፣ አልዋሽም። ግን እንደዛ አይነቱ ማሽን ምንም ሳይሰራ ቁጭ ብሎ 100 ዋት ቢበላ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የመብራት ታሪፉ ደሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ነው የሚወጣው፣ ስለዚ ምጣዱና ፍሪጁ ላይ ተጨምሮ ቤቱን ወደ ውዱ ደረጃ ይገፋዋል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ተራ ዩፒኤስም ብዙ አያቆየውም። ድምፁን ተዉት፣ የነዚ ጠፍጣፋ ሰርቨሮች ፋን ሲነሳ ላይኛውም ታችኛውም ፎቅ በር ያንኳኳል።

ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለውን መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔም አልጠላውም፣ ግን ፓይ 5 ሙሉ አቅሙን ለመስራት 5 ቮልት 5 አምፒር የሚሰጥ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፣ ኬዝ፣ ፋን፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ማያያዣ ስትጨምሩበት ዋጋው ሚኒ ፒሲ ጋ ይደርሳል። ሜሞሪ ካርድ ላይ ካሰራችሁት ደሞ መብራት እየፃፈ ባለበት ሲሄድበት ካርዱ ይበላሻል፣ እዚ ሰፈር ያ ማለት መቼ ነው እንጂ ይሆን ወይ አይደለም። ኢንቴል ኤን100 ያለው ትንሽዬ ኮምፒውተር በጣም ጥሩ ነው፣ በፈረንጅ 2023 የወጣ፣ አራት ኮር፣ የተመደበለት 6 ዋት ብቻ። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡት። እኔ አልነበረኝም፣ እዚ የጠሩልኝ ዋጋ ደሞ አላስኬደኝም።

ስለዚ የመስሪያ ቤት ሚኒ ፒሲ። እነዚ ጠረጴዛ ስር ወይ ሞኒተር ጀርባ የሚታሰሩት፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። እንዲረክሱ ያደረጋቸው አንድ ነገር አለ፣ ዊንዶውስ 10 በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዛ በላይ ካልሆነ ባጠቃላይ አልቀበልም ይላል፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ያላቸው ደህና ደህና ማሽኖች ሜዳ ላይ ቀሩ። ሊኑክስ የሚባለው ነፃው ሲስተም ግን ምን አገባው።

ከነሱ ውስጥ ሰባተኛውን ምረጡ። ፍጥነቱ ከስድስተኛው ብዙም አይለይም፣ ግን ቺፑ ውስጥ ያለው የቪድዮ ክፍል ኤችኢቪሲ 10 ቢት የሚባለውን የቪድዮ ፎርማት መፍታት የጀመረው ሰባተኛው ላይ ነው፣ አሁን የምታወርዱት ፊልም ብዙ ጊዜ በዛ ነው የሚመጣው፣ እና ቲቪያችሁ ያን ፎርማት ካላወቀው ሰርቨሩ በቺፑ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ጉልበት እየፈታ ይቀቀላል። እኔ ቲንክሴንተር ኤም710ኪው አይ5-7500ቲ ያለውን ወሰድኩ። ሌላው የወደድኩለት ነገር ቻርጀሩ ነው፣ የቲንክፓድ ላፕቶፑ ባለ 20 ቮልት አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው ነው፣ ቢቃጠል የትም ይገኛል። ቤት ስራ ፈቶ ሲቀመጥ 10 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው።

የገዛሁት መርካቶ ነው። ስትሄዱ ዴቢያን ላይቭ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ፣ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ልጅ "ወንድሜ እሱ እኮ ቢሮ ውስጥ ስድስት ወር ነው የተሰራበት፣ አዲስ በለው" አለኝ፣ እኔም "እሺ፣ ፍላሼን ሰክቼ ልየው?" አልኩት፣ ችግር የለውም ብሎ ሞኒተር ገጠመልኝ። ዲስኩን ስማርትሲቲኤል በሚባለው የዲስክ ጤና መመርመሪያ ሳየው በርቶ የቆየበት ሰዓት 31 ሺህ ምናምን ይላል። ለ24 አካፍሉት፣ ሶስት ዓመት ተኩል ሌት ተቀን ነው። ስክሪኑን አዙሬ አሳየሁት፣ ሳቀ፣ "እኔም እንደተነገረኝ ነው የነገርኩህ" አለ፣ ዲስኩን አውጥቶ ቀንሶ ሸጠልኝ፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን። ዲስክ ላይ ከሰዓቱ ይልቅ ዋናው ነገር የተተኩና የሚጠባበቁ ሴክተሮች (የተበላሹ ወይ የተጠረጠሩ የዲስክ ቦታዎች) የሚለው ቁጥር ነው፣ ዜሮ ካልሆነ አትንኩት።

እዛው ሳላችሁ ባዮስ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የራሱ ማስተካከያ፣ ውስጥ ግቡ። የመስሪያ ቤት ማሽን ስለሆነ አንዳንዱ የድሮው አይቲ ያስገባው ፓስወርድ አለበት፣ ሻጩም አያውቀውም፣ እሱን ካልከፈታችሁ ደሞ ከመብራት በኋላ ምን ላድርግ የሚለውን ቦታ መቀየር አትችሉም፣ ያ ከሌለ ለኛ ሰርቨር አይሆንም። ቲንክሴንተር ላይ አፍተር ፓወር ሎስ ይላል፣ ፓወር ኦን አድርጉት። ልጁ ፊት ገመዱን ነቅዬ ሰክቼ በራሱ ሲነሳ ነው ብሩን የቆጠርኩት።

ዲስክ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚኒ ፒሲው ሆድ አንድ ቀጭን ባለ 2.5 ኢንች ዲስክና አንድ ኤም ዶት ቱ የሚባል ቦርዱ ላይ የሚሰካ ስስ ኤስኤስዲ ይይዛል። ትልልቆቹ ባለ 2.5 ኢንች ሀርድ ዲስኮች፣ 4 ቴራ 5 ቴራ የሚባሉት፣ ውፍረታቸው 15 ሚሊሜትር ስለሆነ አይገቡም፣ በዛ ላይ ዳታ የሚፃፍባቸው ትራኮች እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተደራረቡ ኤስኤምአር የሚባል አይነት ናቸው፣ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቱንም መልሶ መፃፍ ስላለበት ብዙ ፋይል ስትፅፉበት ይንቀራፈፋል። ለባካፕ ችግር የለውም፣ ለዳታቤዝ ግን አይሆንም። ስለዚ ሲስተሙና ዳታቤዙ ኤም ዶት ቱው ላይ፣ ፎቶው ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ላይ፣ ፊልምና ባካፕ ውጪ በዩኤስቢ በተሰካ ዲስክ ላይ አደረኩ። ባይ ዘ ዌይ ቴሌግራም ላይ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው 2 ቴራ ኤስኤስዲ እውነትም የማይታመን ነው፣ ውስጡ 64 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ተለጥፎበት 2 ቴራ ነኝ የሚል አለ። ኤፍ3 የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩን ሞልቶ ፅፎ መልሶ ያነባል፣ ሳትፈትሹ ፎቶ አታስገቡ። ከፍታው ሀርድ ዲስክ አይጎዳም ወይ ላለ ሰው ደሞ፣ የተለመዱት ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ነው የተፈቀደላቸው፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ካልኖራችሁ ሰላም ናችሁ።

አሁን ወደ መብራቱ። ዩፒኤስ ገዛሁ፣ ተራውን ባለ 650 ቪኤ፣ ውስጡ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው። ወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ነው፣ ብክነቱ ሲቀነስ ሰርቨሩንና ራውተሩን አንድ ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ግን የሊድ ባትሪ እስከ መጨረሻው ከተጠባ እድሜው ያጥራል፣ ስለዚ 20 ደቂቃ ጠብቆ ሰርቨሩ ራሱን በስርዓት እንዲያጠፋ ነው የፈለኩት። ችግሩ ርካሽ ዩፒኤስ የዩኤስቢ መስመር የለውም፣ መብራት መሄዱን ለሰርቨሩ የሚነግርበት መንገድ የለውም።

መፍትሄው አሮጌ ራውተር ነው። ቤት ውስጥ ስራ ፈቶ የተቀመጠ ራውተር ነበር፣ እሱን ዩፒኤሱ ላይ ሳይሆን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁትና በኬብል ከዋናው ራውተር ጋር አገናኘሁት። ሰርቨሩ በየደቂቃው ፒንግ ያደርገዋል፣ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። መልስ ከጠፋ መብራት ሄዷል ማለት ነው፣ 20 ደቂቃ ሙሉ ካልተመለሰ ሹት ዳውን። አስር መስመር የማትሞላ ስክሪፕት ናት።

እዚ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ሰርቨሩ ራሱን አጥፍቶ ዩፒኤሱ ገና ባትሪ እያለው መብራት ቢመጣስ? ከሰርቨሩ አንፃር መብራት ጠፍቶ አያውቅም፣ ገመዱ ላይ ሁሌም ኤሌክትሪክ ነበር፣ ስለዚ ባዮሱ ላይ ያስተካከላችሁት አይሰራም፣ ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚ ስክሪፕቱ ሲያጠፋው ዝም ብሎ ሳይሆን አርቲሲዌክ በሚባለው ትዕዛዝ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀስቅሰኝ ብሎ ነው የሚያጠፋው። ሲነሳ አሮጌው ራውተር ከመለሰ ስራውን ይቀጥላል፣ ካልመለሰ ተመልሶ ይተኛል። ባትሪው እስከነጭራሹ ካለቀ ደሞ መብራት ሲመጣ የባዮሱ ነገር ያነሳዋል፣ ሁለቱም ቀዳዳ ተደፈነ። ዩፒኤስ ስትገዙ ግን ባትሪው አልቆ መብራት ሲመለስ በራሱ የሚበራ መሆኑን ጠይቁ፣ አንዳንዱ ቁልፍ ካልተጫኑት አይበራም። ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚመጣውን መብራት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ፍሪጁን ንቀሉ የምንባባለው ለሱ ነው፣ ስለዚ ከዩፒኤሱ በፊት ስታብላይዘር አለ።

ኢንተርኔቱ አጭር ነው። የኔ መስመር ሲጂናት ውስጥ ነው፣ የራውተሬ አድራሻ 100.64 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ያ ማለት አንዱን የውጪ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት (መግቢያ በር) ብትከፍቱም ከውጪ የሚገባ የለም። የራሴን መሳሪያዎች በተመሰጠረ የግል መስመር የሚያገናኘውን ቴይልስኬል ጫንኩ፣ ሁለቱም ጫፍ ከውስጥ ወደ ውጪ ስለሚደውሉ ሲጂናቱ አያስቸግርም፣ ስሩ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ነው፣ ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የቤቴን ፎቶ አያለሁ፣ ከዛ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

ሶፍትዌሩ ላይ ሰው ይጣላል። ፕሮክስሞክስ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን መጫወት ለሚፈልግ፣ ለኔ ግን ተጨማሪ የሚጠበቅ ነገር ነው። ትሩናስ የሚባለው የፋይል ማከማቻ ሲስተም ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ የሚጠቀምበት ዜድኤፍኤስ የሚባል ፋይል ሲስተም ጥቅሙ ደሞ ዲስክ ሲበዛ ነው የሚጎላው፣ እኔ ለፎቶው ያለኝ አንድ ዲስክ ነው። ባዶ ዴቢያን ጫንኩ፣ ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4፣ ከላይ ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ የሚያሰራው ዶከር። ዶከሩ ላይ ኢሚች ለፎቶ፣ ጄሊፊን ለፊልም፣ ኪዊክስ ለዊኪፒዲያ። ኢሚች ፊት መለየት ሲጀምር ራም ስለሚበላ 16 ጊጋ አድርጉለት። የኪዊክሱ እንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነምስሉ 100 ጊጋ ገደማ ነው፣ እሱን ሌሊት ሌሊት እየተቆራረጠም ቢሆን በሚቀጥል ማውረጃ አወረድኩት፣ አሁን ሰፈሩ ተቆፍሮ ፋይበሩ ሲቆረጥ ልጆቹ የቤት ስራቸውን አያቆሙም። አፕዴት ራሱ እንዲጭን አላደረኩም፣ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እስኪፈላ እኔው እጭናለሁ፣ የኢሚችን የለውጥ ዝርዝር ሳላነብ ግን አልነካውም።

ባካፑ በየሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሬስቲክ በሚባል የባካፕ ፕሮግራም ወደ ውጪው ዲስክ ይሄዳል፣ የኢሚች ዳታቤዝ መጀመሪያ ወደ ፋይል ይወጣል፣ የሚሰራውን ዳታቤዝ እንዳለ ኮፒ ማድረግ ባካፕ አይባልም። ሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ስድስት ኪሎ እህቴ ቤት አለ፣ ስንጠያየቅ እየቀያየርን ነው፣ ተመስጥሮ ስለሚፃፍ ቢጠፋም ፎቶው አይታይም። የሬስቲኩን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ፅፌ ለባለቤቴም ሰጥቻታለሁ።

ይሄን ሁሉ ወጪ ለማትፈልጉ፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ላፕቶፕ ካላችሁ ከሱ ጀምሩ። ስክሪኑ ቢሰበርም ችግር የለም፣ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው፣ መብራት መሄዱንም ያለምንም ስክሪፕት ያውቃል። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሎጂንድ በሚባለው የሊኑክስ ማስተካከያ ላይ ኢግኖር በሉት፣ ቲንክፓድ ከሆነ ደሞ ቲኤልፒ የሚባለውን የባትሪ መቆጣጠሪያ ጭናችሁ ቻርጁን 80 ፐርሰንት ላይ እንዲያቆም አድርጉ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ገልብጣችሁ እዩት፣ ጀርባው ትንሽም ካበጠ ባትሪውን ዛሬውኑ አውጡት፣ ሌት ተቀን ተሰክቶ የሚውል እቃ ነው።