ኮሌጃቸውን በዳንስ የረዱ ልጆች

ዛሬ ሥራ ስላልነበረኝ ከአትላንታ ተነስቼ በርሚንግሃም፣ አላባማ ደርሼ መጣሁ። ኤንስሊ ሰፈር ውስጥ ተክሲዶ ጀንክሽን የሚሉት መስቀለኛ አለ። ድሮ የከተማ ባቡር መስመሮች የሚገናኙበት ነው። ጥጉ ላይ ያለውን አሮጌ ሕንፃ ቀና ብዬ ሳየው ቆየሁ፤ ፎቁ ላይ የዳንስ አዳራሽ ነበረ።

ትራምፔት ተጫዋቹ ኧርስኪን ሃውኪንስ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። ሞንትጎመሪ ባለው የጥቁሮች መምህራን ኮሌጅ፣ በዛሬው አላባማ ስቴት፣ ሲማር «ባማ ስቴት ኮሌጂያንስ» በሚባለው የተማሪዎች ባንድ ይጫወት ነበር። ጊዜው ኢኮኖሚው የደቀቀበት፣ ኮሌጁም ገንዘብ ያጠረው ነው። ታዲያ እነዚህ ልጆች፣ ገና ደብተር ይዘው የሚማሩ ልጆች፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሰው እያስጨፈሩ ያገኙትን ለኮሌጃቸው ያመጡ ነበር። ልቤን የነካው ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 ኒውዮርክ ገቡ። ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ሳቮይ የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ነገሡ። በ1939 በዚሁ መስቀለኛ ስም «ተክሲዶ ጀንክሽን» ያሉትን ሙዚቃ ቀዱ። በዓመቱ ነጩ የባንድ መሪ ግሌን ሚለር ደግሞ ተጫወተውና ብዙ ሰው የሚያውቀው የሱን ሆነ፣ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። የልጆቹን ቅጂ እስክመለስ መኪና ውስጥ እየደጋገምኩ ሰማሁት። እናንተም ፈልጋችሁ ስሙት፣ በተለይ ትራምፔቱን።