ሳተላይቱና ወፍጮ ቤቱ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ መኪና ተሳፈርኩ። ከመገናኛ ወደ ሳሪስ። መኪናው መነሣቱን ያወቅሁት መንገዱ ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር ነው፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ከመሪው አጠገብ ያለው ስክሪን ከቤቴ ቴሌቪዥን ብዙም አያንስም (እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ)። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በቅናት ከውጭ ነበር የማያቸው።

እንደ ልማዴ ለሾፌሩ ስለ ጂፒኤስ፣ ያለንበትን ቦታ በሳተላይት ስለሚነግረን ሥርዓት፣ መተረክ ጀመርኩ። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚዞሩት ሳተላይቶች፤ ቦታችንን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ የአራቱ ምልክት እንደሚያስፈልግ፤ የአቶም ሰዓታቸው ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ስለሚቀድም እንደሚታረም፤ ባይታረም የቦታው ስሕተት በአንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደሚደርስ። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጠኝ።

ወዲያው በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቀኝ ታጠፉ አለን። በቀኝ በኩል ያለው አዲስ የእግረኛ መንገድና አበባ ነው!

ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በቆሎ የሚጠብሱ እናት ጠየቀ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ነው፣ ልጄ» አሉት። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም።

«ያ ሰዓት ወፍጮ ቤቱን አያውቀውም እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

ሳተላይቶቹ አልተሳሳቱም፤ የቆምንበትን ቦታ በትክክል ነግረውናል። ያረጀው ካርታው ነው። ይህን ላስረዳው ስል ደረስን። በቆሎውን ሳልገዛ ማለፌ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።