ሜርኩሪው ከዓሣው አልነበረም

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ዛሬም ስለሚቆጨኝ ነው። ሲሸልስ ውስጥ፣ ሰዉ ምን ያህል ሜርኩሪ (ዓሣ ውስጥም የሚገኝ መርዛማ ብረት) በሰውነቱ እንደያዘ ለማወቅ የፀጉር ናሙና እሰበስብ ነበር።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ሜርኩሪ ሊኖርባቸው ስለሚችል የተሰበረ ቴርሞሜትር፣ የተቃጠለ የፍሎረሰንት አምፖልና የጥርስ ሙሌት ይመዘገባሉ። ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ገበያ ዓሣ ገዝተህ፣ ሥጋውን ቆርጠህ፣ በበረዶ ትልካለህ።

ጉዱ የመጣው ከፀጉሩ ነው።

ፀጉር የሚቆረጠው ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ቆዳው ሥር ተጠግቶ ነው። በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ 3 ሴንቲ ሜትሩ የ3 ወር ታሪክ ይይዛል። ፎርሙ በሳምንት ስንት ቀን ዓሣ እንደሚበላ ይጠይቃል። ቆዳ ስለሚያቀላ ክሬም ግን አንድም ቃል የለውም። አንዳንዱ ክሬም ሜርኩሪ አለበት። ፀጉር ላይ ከተለጠፈ ደግሞ በመታጠብ ብቻ አይለቅም። የእኛ ላቦራቶሪ ጠቅላላውን ነው የሚለካው፤ ከየት እንደመጣ አይለይም። ይህን ለኃላፊው ነገርኩት።

«ፎርሙ ጸድቋል» አለኝ። ዝም አልኩ። ፈረምኩም።

የአንዲት እናት ውጤት ከሁሉም በልጦ መጣ። ዓሣ እንድትተው የሚል ደብዳቤ ተጻፈላት። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከወራት በኋላ ድጋሚ ናሙና ልወስድ ቤቷ ስሄድ ልጆቹ ሩዝ በምስር ይበላሉ። «ዓሣ ተዪ ያላችሁኝ እኮ እናንተ ናችሁ» አለችኝ። ከመስታወቱ ሥር አንዲት ነጭ ብልቃጥ አየሁ። ምን እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ የላትም። አስመረመርናት። ሜርኩሪው ብልቃጧ ውስጥ ባለው ክሬም ነበር።

አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ዓሣ አዘውትረው የሚበሉ እናቶችና ልጆቻቸው ሲጠኑ፣ የእናቶቹ ፀጉር ሜርኩሪ በአማካይ 7 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 7 እጅ) ገደማ ነበር። ሆኖም በልጆቹ ላይ ወጥ የሆነ ጉዳት አልታየም። ዓሣው የሚሰጠው ምግብ ቀላል አይደለም። እኛ ግን ዓሣውን ከልጆቿ አፍ ነጥቀን፣ ኩላሊት የሚጎዳውን ክሬም ፊቷ ላይ ተውነው።

መመሪያው ቁጥሩ ከፍ ካለ ምክር ላክ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ቤቷ ሂድ እላለሁ። መታጠቢያ ቤቱን እንድታሳይህ ጠይቃት። ክሬም ካለ ሽንቷ ይመርመር፤ የክሬም ሜርኩሪ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። ፎርሙ ጸድቋል ካሉህ ኅዳጉ ላይ በእጅህ ጻፍ። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ከዓሣው በፊት «ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ።