መጀመሪያ ፍሬኑ

ባለፈው ጥቅምት ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል እየወረድኩ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ምንም የለም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ጣልኩና ከዳሽቦርዱ ስር ያለውን የእጅ ፍሬን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት፤ ከፊቴ ካለው ሚኒባስ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረኝ ቆመች። ቤት እስክገባ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መኪናዋ የአጎቴ ፎርድ ሙስታንግ ናት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል። አራት ኪሎ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ስንት ክረምት እንዳሳለፈች እሱ ራሱ አያስታውስም። እኔ ስረከባት መጀመሪያ ያሰብኩት ሞተሩን ነበር፣ ከዚያ ቀለሙን። ፍሬኑን «ይሠራል» ብዬ አለፍኩት። ስህተቴ እሱ ነው።

በዚያ ሞዴል የአራቱም ጎማ ፍሬን ዘይት ከአንድ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው)፣ በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። የእኔዋ ከኋላ ግራ ጎማ ዘይቱን የምትይዝ አንዲት ያረጀች የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒ፣ ነበረች ያፈሰሰችው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ1967 ሞዴል የፊቱንና የኋላውን ለይተው ባለ ሁለት መስመር አድርገውታል። ስለዚህ «ኦሪጅናሉን አትንካ» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ የሚታየውንና የሚሰማውን አልነካም፣ የሚያቆማትን ግን እቀይራለሁ።

ቀየርነው። ባለ ሁለት መስመር ማስተርና የፊት ዲስክ ፍሬን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣ አመጣልኝ፤ እዚያ ለዚህች መኪና ዛሬም ሙሉ ቦዲው ሳይቀር አዲስ ይሸጣል። እዚህ ያስቸገረን መፍታቱ ነበር። ጋሼ፣ መካኒኬ፣ ያን ቀን የ13 ቁልፍ አስገብተው ገና ሲጫኑት ቁልፉ ተንሸራተተ። አወጡትና ዳዶውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል።

«ልጄ፣ ይቺ በሚሊ አይደለችም» አሉኝ።

«ታዲያ በምንድን ነው ጋሼ?»

«በኢንች ናት። ግማሽ ኢንች አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ነው። በአሥራ ሦስት ከታገልናት ክብ አድርገናት እንቀራለን።»

ሥራውን አቆሙ። በማግስቱ ሶማሌ ተራ ስንዞር ዋልንና አንድ ያረጀ የኢንች ቁልፍ ስብስብ አገኘን። አሜሪካን መኪና የምትነኩ ሁሉ ከምንም በፊት እሱን ግዙ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፈረስ ጉልበቷ ነው። 289 የሚባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ቪ8 ነው፣ 4.7 ሊትር፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 200 ፈረስ። ግን ያ ቁጥር የቆላ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ገደማ እዚሁ ይተዋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ለወፍራም አየር የተለካ ቤንዚን ይለቃል፤ ካንዴላ ስትፈቱ ጥቁር ጥላሸት፣ ጋቢናው ውስጥ የቤንዚን ሽታ። ጋሼ ቤንዚን የሚለኩትን ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ብሎኖች አወጡና ቀዳዳቸው ጠበብ ባሉ ተኩልኝ። ዋጋው ከምሳ አይበልጥም። ጠዋት አንዴ ሳስነሳት ትነሳለች፣ ድምጿም ጠራ። ወደፊት በካርቡሬተሩ ፈንታ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጭ ኢንጀክሽን ልገጥምላት እፈልጋለሁ፣ እሱ እንጦጦ ስትወጡ ቤንዚኑን ራሱ ያስተካክላልና፤ ግን አይቸኩለኝም።

«ለምን ኤሌክትሪክ አታደርጋትም?» የሚሉኝም አሉ። ጥያቄው ይገባኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ለእኔ ግን ይሄ እዚህ ያሉትን ጥቂቶች እንዳሉ ለማቆየት ተጨማሪ ምክንያት ነው። የቪ8 ድምፅ ከጠፋባት ምኗ ሊቀር ነው?

አሁን የቀረኝ የክረምቱ ጉዳይ ነው። ከፊት መስታወቱ ስር የአየር ማስገቢያ ሳጥን አለ፤ ቅጠል ይገባበታል፣ ይበሰብሳል፣ ላሜራው ከውስጥ ይዝጋል። የዚያ ዘመን ሙስታንግ ሁሉ የታወቀ በሽታው ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጣሳ ውሃ ከላይ አፈሰስንና እኔ በባትሪ መብራት ከውስጥ ተኝቼ አየሁ። አምስት እንኳን ሳልቆጥር ከግራም ከቀኝም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ባትላሜራው ብየዳውን ፈልፍሎ ሳጥኑን መክፈት አለበት፣ ሦስት ሳምንት ብሎኛል። ሰኔ ሳይገባ እንዲያልቅ የፊታችን ሰኞ እወስዳታለሁ።