ነርሷ ክንዱን ባነሳችበት ሰዓት

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው ለግሸን ማርያም የገባነው ስለት ስለ ደረሰ ነው። እናቴ «ያደረገችልንን ለሰው ካልተናገርሽ ስለቱ ጎደሎ ነው» ብላኛለች።

ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ለሦስተኛ ዲግሪው ሰሜን ህንድ ወደሚገኝ ሒማቻል ፕራዴሽ የሚባል ተራራማ ግዛት ሄዶ እርሻ ያጠናል። «እታለም፣ ብርዱ የደሴ ነው፤ ያጣሁት የጦሳን ተራራ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። የሙከራ ማሳው ሣር በወረረው ዳገት ላይ ነው። የዚያ አገር ክረምት እንዳበቃ፣ በእኛ ጥቅምት ላይ፣ ትኩሳት ጣለው። ራሱን ያመዋል፤ ሰውነቱን ይቆረጥመዋል። መጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ጀመረለት። የወባም የደንጊም ምርመራ ተደረገ፤ ምንም አልተገኘም። መርፌው ቀጠለ፤ ትኩሳቱም ቀጠለ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ትንፋሽ አጠረው። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲወስዱት ኩላሊቱ መድከም ጀምሯል፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት።

ስልኩን የደወለልን አብሮት የሚኖረው የጅማ ልጅ ነው። ያን ልጅ እግዚአብሔር ዘሩን ይባርክለት! የራሱን ፈተና ትቶ በሆስፒታሉ ኮሪደር ያደረ ልጅ ነው።

ሌሊቷ የቅዳሜ ለእሁድ ነበረች፤ ወቅቱ ጾመ ጽጌ። ልጁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደውሎ «ሐኪሞቹ የመተንፈሻ መሣሪያ ሊያደርጉለት ነው፤ ጸልዩ» አለን። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልነሣ አለ። ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሁሉ የማሰላው እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆመች። ሰንበት ስለሆነ መስገድ አትችልም፤ ስለዚህ ቆማ አነባች። ዳዊቱን የምታውቀው በቃሏ ነው፤ «በጨለማ ከሚሄድ ክፉ ነገር» የምትለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆረጣል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣለች።

እኔ አልጸለይኩም። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ስከራከር ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነት በተያዘችበት ጊዜ ስኳር ሕመምተኛ የነበረ አባታችን ኢንሱሊን አጥቶ ሞቷል። «እርሱን ወሰድህ፤ ዝም አልን። አሁን ደግሞ ይህን? በሰው አገር፣ አፈር እንኳ በማናለብስበት? እናቴ ምን በደለችህ?» አልሁት። በረንዳው ላይ ወጥቼ ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ትረሳኛለህ? ለዘላለም ነውን?» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ፤ ዳዊት ራሱ ይህን እንዳልተናገረ ሁሉ፣ ተቈጥቼ ደጋገምሁት።

ጩኸቴን የሰሙት ጎረቤታችን የሀጂ ባለቤት በሌሊት በራችንን አንኳኩ። ምን ሆናችሁ ብለው ብዙ አልጠየቁም፤ ፍሙን አቀጣጥለው ጀበናውን ጣዱ። እናቴ በሥዕሉ ፊት፣ እርሳቸው በምድጃው ጥግ ተቀምጠው ሙሰባሃቸውን እየቆጠሩ፣ ሁለቱም አንድ ልጅ ለመኑ። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውለታቸው ይከፈላቸው፤ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።

ከደብሩ የማኅሌቱ ድምፅ ይመጣል። የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ የሚያወሳው ማኅሌት ነው። እናቴ ያን ጊዜ ነው ጮኻ ያለቀሰችው፤ «አንቺም በሰው አገር ተንከራተሻል፤ ልጄን እይልኝ! ለከርሞ መስከረም 21 በእግሩ ግሸን አምጥቼ አስሳልምሻለሁ» አለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር።

ከዚያ የጅማው ልጅ ደወለ። በዚያው ሰዓት፣ እዚያ ጎሕ ቀዶ፣ አንዲት ነርስ ሕሙማኑን ስታጥብ የወንድሜን ክንድ አነሣች። ብብቱ ውስጥ በሲጋራ የተተኰሰ የሚመስል ጥቁር ቅርፊት አየች። አያምም፤ አያሳክክም፤ ስለዚህ እርሱ ራሱ አላወቀውም፤ ከዚያ በፊት የመረመሩትም አላዩትም። ወዲያው ሐኪሙን ጠራች። ስክራብ ታይፈስ የሚባል በሽታ ነበር።

በሣርና በቁጥቋጦ ውስጥ የምትኖር የመዥገር ዘመድ አለች፤ እጯ በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል። የምትነክሰው እጯ ብቻ ናት፤ ስትነክስ ባክቴሪያውን ትሰጣለች፤ ትኩሳቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዐሥር ቀን ገደማ በኋላ ነው። ከጃፓን እስከ ፓኪስታን፣ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ድረስ ያለ በሽታ ነው፤ ክትባት የለውም። ሲሰጠው የነበረው የታይፎይድ መርፌ አይነካውም። የሚያድነው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ርካሽና የቆየ መድኃኒት! ወንድሜ ጠንቶበት ስለነበር ከአዚትሮማይሲን ጋር በደም ሥሩ ሰጡት።

እናቴ «ታይፈስ» ስትሰማ ደነገጠች። በ1977ቱ ድርቅ፣ በመጠለያ ሰው በተስቦ ሲያልቅ በልጅነቷ አይታለች። ይኼኛው በቅማል የሚመጣው እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ ስነግራት የጅማው ልጅ ትዝ አላት፤ «እርሱንም ጠበቀልኝ» አለች።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ከዚያ ኩላሊቱ እስኪያገግም ሳምንታት፣ ጉልበቱ እስኪመለስ ወራት አለፉ።

ያችን ነርስ በስም አናውቃትም። እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም ስትደግም «የህንዷን ልጄን» ሳትል አትዘጋም። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሌሎች ሳያዩት ያለፉትን ብብት እንድታይ ያደረጋት ማን ነው? እኔ በረንዳ ላይ ስከራከር መልሱ በነርሷ እጅ ነበር። እግዚአብሔር አልተቈጣኝም፤ እኔ የተናገርሁትን ሁሉ ሰምቶ ወንድሜን ሰጠኝ።

ልጆቻችሁ፣ ወንድሞቻችሁ በእነዚያ አገሮች ያሉ፣ ይህን ንገሩልኝ፦ ከማሳ ወይም ከጫካ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዛቸው ብብታቸውን፣ ብሽሽታቸውን፣ ወገባቸውን ይዩ፤ ሣር ውስጥ ውለው እንደነበር ለሐኪሙ ይናገሩ። ቅርፊቱ ባይገኝም ይናገሩ፤ በሁሉም ላይ አይወጣምና።

ባለፈው መስከረም 21 ግሸን ደረስን። የመስቀል ቅርጽ ያላትን አምባ ወንድሜ በእግሩ ወጣት፤ እናቴ ጃንጥላውን ይዛ ከኋላው ነበረች። የሀጂ ባለቤት ስንቁን አዘጋጅተው በሌሊት ሸኝተውናል። አሁን ወደ ትምህርቱ ተመልሷል፤ ማሳ የሚገባው ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ የተባይ መከላከያ ተቀብቶ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ገና አላለቀም፤ በጸሎታችሁ አስቡልን።