የመጀመሪያ ልቦለዴን ለዳግም ኅትመት ሳሰናዳ

በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጣው አስፈሪ ልቦለዴ እንደገና እንዲታተም ከአሳታሚ ጋር ስንስማማ ሥራው የጀመረው ከትየባ ነው። መጽሐፉ የተተየበው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለነበር፣ ፋይሉ ዛሬ ሲከፈት ገጹ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ምልክቶች ይሞላል። ስለዚህ ከታተመው ቅጂ ላይ ራሴ እንደ አዲስ ተየብኩት፤ ለሌላ ሰው አለመስጠቴም በጀኝ፤ ዐይን የሚዘለውን ዐረፍተ ነገር ጣት አይዘለውም።

ታሪኩ የሚፈጸመው በጎንደር ገጠር ነው። ከብት ይሞታል፣ ሕፃን ይታመማል፣ መንደርተኛውም ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች» ይላታል። ይህ ክስ በጠይቦችና በሸክላ ሠሪዎች፣ በዚያ አካባቢ በተለይ በቤተ እስራኤል ላይ ሲለጠፍ የኖረ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አልጠፋም። ስለዚህ መላውን መጽሐፍ ያነበብኩት አንባቢው የሚፈራው ማንን እንደሆነ እየጠየቅኩ ነው። ጅቡን ከፈራ ከከሳሾቹ ጋር ይወግናል፤ እኔ እንዲፈራልኝ የምፈልገው ጎረቤቶቹን ነው።

ከሁሉም በላይ የደከምኩበት የጉትቻው ምዕራፍ ነው። በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለው ወሬ በአገራችን የታወቀ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ኅትመት ጉትቻውን ተራኪው ራሱ አይቶ ይነግረናል። በአዲሱ ያየው ሰው የለም። አንድ የእህል ጠባቂ እሳት ዳር ተቀምጦ በጅቡ ጆሮ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ሲል አየሁ ይላል፤ በማግስቱ ጠላ ቤት ውስጥ ነገሩ የብር ጉትቻ ይሆናል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ አንዲት ሴት «የእሷ ነው፣ ገበያ አድርጋው አይቻለሁ» ብላ ትመሰክራለች። ከዚያ ወዲያ ጅቡ አንድም ጊዜ አይታይም፤ መቅረቡን የምናውቀው የመንደሩ ውሾች በድንገት ዝም ሲሉ ነው። ወሬው እየጠራ በሄደ ቁጥር ለሴትዮዋ መውጫው እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ምዕራፉ ከቀድሞው ይልቅ አሁን ያስፈራኛል።

ቋንቋውን ግን ከፊደል ግድፈት በቀር አልነካሁትም፤ ያ የወጣትነት ጥድፊያ ዛሬ የማላገኘው ጉልበት አለው። ስለ ቡዳ እምነትና ስለ አዋጁ የጻፍኩትን ማብራሪያም ከልቦለዱ ኋላ አስገባሁት፤ አዲስ አንባቢ በቅድሚያ ከመንደሩ ጋር ይጋፈጥ ብዬ ነው።