ከሠላሳ ሜትር ላይ የሚሰማ ደወል

እናቴ ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር መጥታ እኔ ዘንድ ስድስት ወር ያህል በቆየችበት ጊዜ፣ ከቤታችን አቅራቢያ በሚያልፈው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ላይ በየማለዳው አብረን እንራመድ ነበር። ሐኪሟ ለስኳሯ ሲል በየቀኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንድትራመድ አዝዟት ስለነበር፣ እኔም ለዓመታት በብስክሌት ብቻ የማውቀውን መንገድ በእሷ እርምጃ ልክ እንደ አዲስ ለማወቅ ተገደድሁ። በብስክሌት አራት ደቂቃ የማይሞላው ርቀት ከእሷ ጋር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ በስንት ብስክሌተኛ እንደምንታለፍ፣ ከእነዚያም ውስጥ ስንቱ እንደሚያስደነግጥ የተረዳሁት ያኔ ነው።

መንገዱ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን የሚባለው ሲሆን፣ በቤታችን ግን «ትሬሉ» ከማለት በቀር በሙሉ ስሙ የሚጠራው የለም። ከአርሊንግተን፣ ሸርሊንግተን ከሚባለው ሰፈር ተነሥቶ በፎልስ ቸርች፣ በቪዬና፣ በሬስተን፣ በኸርንደንና በሊስበርግ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዘልቅና ፐርስልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ያበቃል። ርዝመቱ 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበትን ኮለምቢያ ፓይክን ስለሚያቋርጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለት ሁለት ሆነው የሚራመዱ እናቶችን እዚያ ማየት የተለመደ ነው። ሩጫ የሚለማመደው፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋው፣ ውሻውን የሚያናፍሰው፣ በብስክሌት ሥራ የሚገባውና ለውድድር የሚዘጋጀው ሁሉ ሦስት ሜትር ገደማ ስፋት ባለው በዚያው አስፋልት ላይ ይገናኛል።

እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቀችኝ፣ መንገዱ ለምን ዳገትና ቁልቁለት እንደሌለው ነበር። አካባቢው ሜዳ አይደለም፤ በመኪና ሲሄዱበት ከፍ ዝቅ የሚል ነው። መልሱ መንገዱ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ የነበረ መሆኑ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ከባድ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ሐዲድ ዘርጊዎቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በአፈር ደልድለው፣ ጅረቱን ተከትለው መሬቱን ለባቡሩ አመቻችተውለታል። ባቡሩ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ሊስበርግ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1860 ነበር። በዓመቱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በሰኔ ወር 1861 የሰሜኑን ወታደሮች ጭኖ ወደ ቪዬና ይጠጋ የነበረን ባቡር የደቡቡ ጦር አድፍጦ በመድፍ መትቶታል። ዛሬ በዚያ ከተማ ሰዎች በብስክሌት መጥተው አይስክሬም ይበላሉ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1912 ኦልድ ዶሚኒየን የሚለውን ስሙን ይዞ በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ፤ በኋላ መኪናና አውራ ጎዳና እየበዙ ሲመጡ በ1951 መንገደኛ መጫን አቆመ፤ በ1968 ደግሞ ጭነቱም ቀርቶ ጨርሶ ተዘጋ። ፎልስ ቸርች ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ቁራጭ ለእግረኛና ለብስክሌት የተከፈተው በ1974 ሲሆን፣ አስፋልቱ ፐርስልቪል የደረሰው በ1988 ነው። መሬቱን ከባቡር ድርጅቱ የገዛው የመብራት ኃይል ኩባንያ ስለነበር፣ ከመንገዱ ጎን ለጎን እስከ ዛሬ ድረስ ከፍተኛ ኃይል የሚሸከሙ የብረት ምሰሶዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ በጭጋጋማ ጠዋት ሽቦዎቹ እንደ ንብ ቀፎ እምም ሲሉ ይሰማል።

ይህን ሁሉ በሦስት ቀን ከፋፍዬ ብነግራት፣ እናቴ ከሁሉም በላይ የገረማት መሬቱ እንደ ረጅም መቀነት ሳይቆራረጥ መትረፉ ነበር። «እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ሐዲዱ በተነሣ በማግሥቱ የቆርቆሮ ሱቅ ይበቅልበት ነበር» አለችኝ። የአዲስ አበባን ለገሃር ለሚያውቅ ሰው ንግግሯ ጨርሶ ከእውነት የራቀ አይመስለኝም።

የመንገዱ ችግር ከቅልጥፍናው ጋር የተያያዘ ነው። ለባቡር የተደለደለ መሬት ለእግረኛ ጉልበት ይቆጥባል፤ ለብስክሌተኛ ግን ፍጥነት ይጨምርለታል። የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ በአንድ ሰከንድ ሰባት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር የሚራመድ እግረኛ ደግሞ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ብስክሌተኛው በየሰከንዱ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይቀርበዋል ማለት ነው። ስለዚህ አምስት ሜትር ሲቀረው ቢያስጠነቅቅ፣ እግረኛው ድምፁን ሰምቶ፣ ምን እንደሆነ ተረድቶ፣ ወዴት እንደሚጠጋ ወስኖ እግሩን ለማንሣት የሚያገኘው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ከሠላሳ ሜትር ላይ ቢያስጠነቅቅ ግን ከአምስት ሰከንድ በላይ ያገኛል። አምስት ሰከንድ የሰባ ዓመት ሴት ዘወር ብላ አይታ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ወደ ዳር ለመጠጋት የሚበቃት ጊዜ ነው። አንድ ሰከንድ የሚበቃው ለመደንገጥ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የሆነው ይኸው ነበር። ወደ ግሌንካርሊን ፓርክ አቅጣጫ፣ ጅረቱን ይዘን እየተራመድን ሳለ፣ ከኋላችን አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኦን ዮር ሌፍት!» አለ። እናቴ በቀኝ በኩል ነበረች። እንግሊዝኛዋ ብዙ ባይሆንም ግራና ቀኝ የሚሉትን ቃላት ታውቃለችና፣ እንደታዘዘች ፈጥና ወደ ግራ ተሻገረች። ሰውዬው ፍሬኑን ሲይዝ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፤ የመሪው ጫፍ የነጠላዋን ጥለት ጎትቶ ሄደ፤ እሷም ጠጠሩ ላይ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቷ ከመጫጫር አላለፈም። ሰውዬው ዞር ብሎ ቃሉን ደግሞ ተናገረና እየተቆጣ ሄደ።

ቤት ገብተን ጉልበቷን ሳጥብላት፣ «ምን አጠፋሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉ «በግራሽ በኩል እያለፍሁ ነው፣ በቀኝሽ ጽኚ» ማለት እንደሆነ ነገርኋት። «ታዲያ እንደዚያ አይልም? ግራ ብሎኝ ወደ ግራ ሄድሁ» አለች፤ እኔም መልስ አጣሁ። ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር ፍርዱ ለእሷ እያደላብኝ መጣ። ያች የእንግሊዝኛ ሐረግ ግሥ የላትም፤ የሚያልፈው ማን እንደሆነ፣ መጠጋት ያለበትም ማን እንደሆነ አትናገርም፤ ልማዱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ የተሰናዳች ናት። በአማርኛ ይህን ነገር ግሥ ሳይጨምሩ መናገር አይቻልም፤ «በግራዎ ልለፍ» ያለ ሰው ማን እንደሚንቀሳቀስ ተናግሯል፣ ፈቃድ ጠይቋል፣ አክብሮቱንም ገልጿል። ሐረጓን ሰምቶ ወደ ግራ መዝለል የባዕድ አገር ሰው ስሕተት ብቻ እንዳልሆነም ቆይቼ አስተዋልሁ፤ እዚሁ የተወለዱ ሕፃናትም ይዘላሉ፤ አሳብ ይዞት የሚሄድ አዋቂም ይዘላል።

የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ጉዳይ ብዙዎች ከሚያስቡት ይልቅ ግልጽ ነው። በእግረኛ መንገድ ወይም በጋራ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ለእግረኛ ቅድሚያ የመስጠት፣ ከማለፉም በፊት የሚሰማ ምልክት የማሰማት ግዴታ አለበት። ሁለቱም ግዴታዎች በአንድነት የተጣሉ ናቸው፤ ስለዚህ ምልክት ማሰማት ቅድሚያ መስጠትን አይተካም። ጮኾ ማለፍ ግዴታን እንደ መወጣት የሚቆጥሩ ብስክሌተኞች ግን ሞልተዋል፤ እኔም ለዓመታት ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ከሥራ ስመለስ በቦን ኤር ፓርክ አጠገብ ከስቲስ የሚባለው ሌላ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ከዚህኛው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ፍጥነቴን ሳልቀንስ፣ በሕዝቡ መካከል እንደ መርፌ እየሰካሁ የማለፍ ልማድ ነበረኝ፤ ልማዱንም እንደ ችሎታ እቆጥረው ነበር።

እግረኛውም ቢሆን ከነቀፋ ነፃ አይደለም። አራት ሆኖ በአስፋልቱ ሙሉ ስፋት የሚሄድ፣ ሁለቱንም ጆሮውን በማዳመጫ የደፈነ፣ እየረዘመ የሚሄድ የውሻ ገመድ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ አለ። ይህ ገመድ በተለይ አመሻሽ ላይ ለዓይን ስለማይታይ ክፉ ወጥመድ ነው። ስለ እኛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፦ ጨዋታ ስንጀምር ፊት ለፊት ካልተያየን አይሆንልንም። ሦስት ወዳጆች ወሬ ይዘው ሲራመዱ መሐል ላይ ያለው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወሬው ሲጥም ሦስቱም መንገዱ መካከል ይቆማሉ። እናቴም ከአንዲት የደብረ ማርቆስ ሴት ጋር የተዋወቀችው እንዲህ መንገድ ዘግተው ነው፤ እኔም በዚያን ጊዜ ሁለት ብስክሌተኞችን ይቅርታ ጠይቄ አሳልፌያለሁ።

ፎልስ ቸርች ከተማ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሠራው ሥራ ለዚህ ሁሉ የተሻለው መፍትሔ ይመስለኛል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ለብስክሌት 11 ጫማ፣ ለእግረኛ ደግሞ 8 ጫማ ስፋት ያለው አስፋልት ጎን ለጎን ተዘርግቷል፤ በመካከላቸውም ጠባብ መለያ አለ። እናቴን በመኪና ወስጄ እዚያ ባራመድኋት ጊዜ፣ ያለ ምንም ምክር ትከሻዋ ሲፈታ፣ ወደ ኋላ መገላመጧንም ስትተው አየሁ። ነገር ግን የተከፈለው ቦታ ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በቀረው ርዝመት ሁሉ እንዲህ እንዳይደረግ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ጅረቱ፣ ዛፉና ድልድዩም ያግዳሉ። ከሊስበርግ ባሻገር ባለው ገጠራማ ክፍል ደግሞ በሥራ ቀን ሰው ስለማይበዛ አስፈላጊም አይደለም። ስለዚህ ሰው በሚበዛበት ቦታ መለየት፣ በሌላው ቦታ ደግሞ ፈጣኑ ለዘገምተኛው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ማድረግ ነው የሚቀረው። ብስክሌተኛው ፍጥነቱን ቢቀንስ የሚያጣው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ እግረኛው ግን ሊፈጥን ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

እናቴ ብስክሌት አትፈራም። ባሕር ዳር ተወልዶ ብስክሌት የሚፈራ ሰው አላውቅም፤ ከተማዋ ሜዳ በመሆኗ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ዕቃ አድራሹም በዘንባባዎቹ ሥር በብስክሌት ሲመላለስ ነው ያደግነው፤ እኔም የተማርሁት በሰዓት እየተከራየሁ ነው። እዚያ ግን ብስክሌቱ ከባድ፣ ማርሽ የሌለው፣ አንዳንዴም ከኋላ ሰው የጫነ ስለሆነ ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙ አይርቅም፤ ደግሞም ከሩቅ ይሰማል። ካቴናው ይንቋቋል፣ ጭቃ መከላከያው ይንኳኳል፣ ደወሉም ትልቅ ነው። የእኔ የአሜሪካ ብስክሌት ግን ድምፅ የለውም። በመሪው ላይ የነበረችው የአዝራር ያህል ደወል አንድ ጊዜ ቲንግ ስትል እናቴ፣ «ስልክህ ላይ መልእክት ገባ» አለችኝ።

ወደ አገሯ ከተመለሰች ከሁለት ወር በኋላ፣ ወደዚህ በሚመጣ ሰው እጅ በርበሬና ሽሮ ላከችልኝ። በሽሮው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል፣ ባለ ሁለት ክዳን የብረት ደወል ነበር፤ ልጅ ሳለሁ በተከራየኋቸው ብስክሌቶች ሁሉ ላይ የነበረው ዓይነት ነው። መያዣው ለቀጭን መሪ የተሠራ ስለነበር በእኔ ወፍራም መሪ ላይ አልገጥም ብሎኝ መያዣውን በጉጠት ከፍቼ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የቆረጥሁትን ጥብጣብ ደርቤ አሰርሁት። ሲደወል ጭርርር ይላል፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ሦስት እግረኛ ያስጠጋል። ባለፈው ቅዳሜ ኮለምቢያ ፓይክ አካባቢ፣ ገና ሠላሳ ሜትር ሲቀረኝ ብደውል፣ ከፊቴ ነጠላ አጣፍተው ይራመዱ የነበሩ ሁለት እናቶች ዞር እንኳ ሳይሉ ወደ ቀኝ ተጠጉ፤ አጠገባቸው ስደርስም አንደኛዋ በአማርኛ፣ «ይኼ ደወል የባሕር ዳር ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።